ፌሮው ሳይቀበር፦ የከተማ ዳር ግንባታን ፎቶ የምታነሱ አላችሁ?

የአባዶ ጎህ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

የምኖረው አዲስ አበባ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ። ከበረንዳዬ ፊት ለፊት ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ እየተሠራ ነው። መጀመሪያ ሰሞን የሚክሰሩ ድምፅ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። አቧራው ልብስ አያሰጣም። አሁን ግን ጠዋት ስነሳ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። ትናንት ምን ተጨመረ እያልኩ።

ነገሩ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። ማክሰኞ ቀን፣ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ቡናዬን ይዤ በረንዳ ወጣሁ። የሦስተኛው ፎቅ ሶሌታ፣ ወለሉ ማለቴ ነው፣ ፌሮው ታስሮ አልቋል፤ አርማታው ግን ገና አልተሞላም። ሌሊቱን ጤዛ ወርዷል። ፀሐይ ብቅ ስትል ያ ሁሉ ፌሮ በአንድ ጊዜ በራ። ሸማኔ ቤት ገብታችሁ የተወጠረ ድር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልክ እንደዚያ። ድርና ማግ። ፌሮ ከፌሮ በተገናኘበት ሁሉ ሽቦ ታስሯል፤ በየሽቦው ጫፍ ላይ ደግሞ አንዳንድ ጠብታ ውሃ።

አንድ ልጅ በፌሮዎቹ መሃል እግሩን እየመረጠ ይራመዳል። ቁጢጥ ይላል፣ ሽቦውን አጥፎ ያሾልካል፣ በጉጠት ጠምዘዝ ያደርጋል፣ ይነሳል። ደግሞ ቁጢጥ። በስልኬ አነሳሁት።

በማግስቱ አርማታ ተሞላ። ማታ ከሥራ ስመለስ ያ ድርና ማግ የለም። ግራጫ ሜዳ ሆኗል። ያኔ ነው የገባኝ። ያ ልጅ ስንት ቀን ጎንበስ ብሎ ያሰረውን ከእንግዲህ ማንም አያየውም። ሕንፃውን ተሸክሞ የሚኖረው እሱ ነው፤ ግን አይታይም። እኔ ስልክ ውስጥ ግን አለ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየዞርኩ ነው። ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈቼ ድረስ ሄጃለሁ። የአጣና መወጣጫ አነሳለሁ። ቅርፊቱ ገና እየተላጠ ያለ ባህር ዛፍ ሲሚንቶ ሲረጭበት እንዴት ያለ ቀለም እንደሚይዝ! ከጣሪያ በላይ ቀጥ ብለው የቀሩትን ፌሮዎችም አነሳለሁ፤ ባለቤቱ አንድ ቀን ሌላ ፎቅ እቀጥላለሁ ብሎ ያስቀራቸውን። ጀርባቸው የረር ተራራ ሲሆን ልብ ይነካሉ።

እስካሁን ለማንም አላሳየሁም። ቤት ሰው «ምን ሊረባህ ነው?» ይለኛል። አራት ፎቶ ከዚህ በታች አያይዣለሁ። እንደኔ የሚያነሳ አለ? ምንስ ታያላችሁ?

ሰሚት 72 | ቅዳሜ፣ 4:05

የሁለተኛው ፎቶ ብርሃን ያምራል። ጠብታዋን እንዴት በስልክ ያዝካት?

የአባዶ ጎህ | ቅዳሜ፣ 4:20

@ሰሚት 72 ሌንሱን በቲሸርት ጫፍ ጠረግኩት፤ አቧራ ሰፈር ስለሆንን ይሄ የግድ ነው። ከዚያ በጣም የሚያበራውን ቦታ ስክሪኑ ላይ ነካሁና ብርሃኑን በጣቴ ወደ ታች ጎተትኩት። ጥላው ጠቆረ፣ ጠብታዋ ቀረች። ሌላ ምንም የለውም።

ገላን ጉራ | ቅዳሜ፣ 5:12

ወንድሜ፣ ፎቶዎቹ ቆንጆ ናቸው፤ አልክድም። ግን አንድ ነገር ልበል።

እኔ ሰፈር ስድስት ዓመት የቆመ ሕንፃ አለ። ጅምር ነው። ፌሮው ዝጎ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ኮለኑ (ምሰሶው) ላይ ቡናማ ውሃ ይወርዳል። ልጆች እዚያ ውስጥ ድብብቆሽ ይጫወታሉ፤ እናታቸው ቀኑን ሙሉ ነፍሷ ተንጠልጥላ ትውላለች። ክረምት ሲገባ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ንጹሑን ጫማ በፌስታል ይዘን፣ በቦቲ ጭቃውን አቋርጠን፣ ታክሲ ተራ ስንደርስ እንቀይራለን። ቢሮ ስንገባ ከየት እንደመጣን ሱሪያችን ጫፍ ይናገራል።

ይሄን የሚኖር ሰው «ውበት» ሲባል ይከፋዋል። እኔ ከፍቶኛል። ንግግርህን ግን ወድጄዋለሁ፤ ስለዚህ ልጠይቅህ። ይሄስ ፎቶህ ውስጥ አለ?

የአባዶ ጎህ | ቅዳሜ፣ 6:30

@ገላን ጉራ እውነትህን ነው፤ መከፋትህም ትክክል ነው። እኔም ሐምሌን በሙሉ በፌስታል ጫማ ይዤ ነው የከረምኩት።

ታክሲ ተራው ጋ አንድ ሊስትሮ አለ። ክረምት ላይ ቀለም አይቀባም፤ በጆግ ውሃና በብሩሽ ጭቃ ብቻ ነው የሚያጥበው። ከፊቱ 10፣ 15 ቦቲ ተደርድሮ ይውላል፤ ሰዎች ማታ ሲመለሱ መልሰው ያደርጉታል። እሱን አንስቼዋለሁ። ያልለጠፍኩት ግንባታ አይደለም ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው እሱም ያው የግንባታው ፎቶ ነው። እጨምረዋለሁ።

ስለዛገው ጅምር ግን የምለው የለኝም። እሱን ቆንጆ ነው ብዬ አላነሳም። ካነሳሁም ቆሞ መቅረቱ እንዲታይ ነው።

ፌራዮ ነበርኩ | ቅዳሜ፣ ማታ 2:15

ይህን ገጽ ያሳየችኝ ልጄ ናት። መጻፍ ብዙም አይሆንልኝም፤ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

17 ዓመት ፌራዮ፣ ፌሮ አሳሪ፣ ነበርኩ። አሁን ፎርማን ነኝ። ፎቶህን አጉልቼ አየሁት። ባለ 10 ሚሊ ፌሮ ነው፤ ክፍተቱ 15 ሳንቲም ይመስላል። ሥራው ንጹሕ ነው። ከፌሮው ሥር ያሉትን ትናንሽ የሲሚንቶ ኩቦች ልብ ብለሃቸዋል? ስፔሰር እንላቸዋለን። ፌሮው ካሳውን፣ አርማታው የሚፈስበትን የጣውላ ቅርጽ፣ እንዳይነካ ሁለት ሳንቲም ተኩል ያህል ከፍ አድርገው ይይዙታል። እነሱ ከሌሉ ፌሮው አርማታው ዳር ላይ ይቀራል። እርጥበት ያገኘዋል። ይዝጋል። ሲዝግ ያብጥና አርማታውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ሰው ሕንፃ ሲሰነጠቅ ሲሚንቶውን ይረግማል፤ አንዳንዴ ግን ጥፋቱ የዚያች ትንሽ ኩብ መጥፋት ነው።

አንድ ቤርጋ፣ ያልተቆረጠ ሙሉ ፌሮ ማለት ነው፣ 12 ሜትር ነው። ባለ 16 ከሆነ 19 ኪሎ ይጠጋል። ያን በትከሻ ተሸክመህ ደረጃ ስትዞር ጫፉ ከኋላህ ያለውን ሰው እንዳይመታ ሁለታችሁም በአንድ ልብ መራመድ አለባችሁ። የኮለን ስታፋ፣ የቆሙትን ፌሮዎች ዙሪያውን የሚያቅፈውን ቀለበት፣ ስታስር ደግሞ መንጠቆው አንዱ በዚህ ጥግ፣ ቀጣዩ በዚያ ጥግ እየዞረ መሄድ አለበት። ሁሉም በአንድ ጥግ ከዋለ እዚያ ጋ ይደክማል። ኮለኑ ካሳ ሳይለብስ ሥሩ ቁምና ወደ ላይ አንሳው። መንጠቆዎቹ እየተሽከረከሩ ወደ ሰማይ ሲሄዱ ታያለህ። እኔ ለ17 ዓመት አይቼዋለሁ፤ ለማን ላሳየው?

የሽቦ አስተሳሰር እንደ እጅ ጽሑፍ ነው። አንዱ ወደ ቀኝ ይጠመዝዛል፣ አንዱ ጫፏን ረዘም ያደርጋታል፣ አንዱ ሁለቴ ይዞራል። አብረን የሠራን ሰዎች ሶሌታ ላይ ቆመን «ይሄ የእገሌ እጅ ነው» እንባባል ነበር።

ያን ሁሉ ዓመት ያሰርኩት አርማታ ውስጥ ነው። አንድ ፎቶ የለኝም። ልጄ «አባዬ ምን ሠራህ?» ስትለኝ ሕንፃውን በጣቴ አሳያታለሁ። እሷ ግን የምታየው ቀለሙንና መስታወቱን ነው።

በርታ ልጄ።

የአባዶ ጎህ | ቅዳሜ፣ ማታ 2:50

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደጋግሜ አነበብኩት። ስፔሰሮቹን አሁን ነው ያየኋቸው፤ ፎቶዬ ውስጥ ነበሩ እኮ! አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያ ልጅ ፎቶውን ቢያይ የራሱን እጅ ይለያል?

ፌራዮ ነበርኩ | ቅዳሜ፣ ማታ 3:02

ወስደህ አሳየውና እየው።

መሃንዲሷ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 2:30

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሳይት መሃንዲስ ነኝ። የጋሼን ጽሑፍ አንብቤ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኛ አርማታ ከመሞላቱ በፊት ፌሮ ቆጥረን፣ ክፍተት ለክተን እንፈርማለን። ፎቶም እናነሳለን፤ ለሪፖርት። ከሪፖርት ውጪ አይቼው አላውቅም ነበር።

ማንም የማያነሳውን ጊዜ ልንገራችሁ። ሶሌታ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣል። አርማታ የሚጠነክረው ደርቆ እንዳይመስላችሁ፤ ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ሆኖ ነው ጥንካሬ የሚያገኘው። ስለዚህ ዳሩን በአሸዋ ወይም በጭቃ ከበን ላዩ ላይ ውሃ እናቁራለን። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ውጡ። ሶሌታው በሙሉ መስታወት ነው። ሰማዩ እግራችሁ ሥር ይተኛል። አንዳንዴ ወፍ መጥታ ትጠጣለች። እኔ በየሳይቱ አይቼዋለሁ፤ ስልኬ ኪሴ ውስጥ እያለ አንድ ቀን አላነሳሁትም።

ሌላው ካሳ ሲፈታ ነው። ጣውላው ሲላቀቅ ጅማቱና የሚስማሩ ራስ አርማታው ላይ ታትሞ ይቀራል። ዛፉ ሄዶ መልኩ ይቀራል። ቶሎ ካልደረሳችሁ ይለሰናል።

አሁን ጥንቃቄ። አጥር ዘላችሁ እንዳትገቡ። ዘበኛው እሺ ቢላችሁ እንኳ ፎርማኑን ወይም መሃንዲሱን አስጠይቁ፤ አንድ ነገር ቢደርስ ሰውዬው እንጀራውን ያጣል። ሄልሜት ያስፈልጋል። የተነቀለ ጣውላ ላይ ያለ ሚስማር የሸራ ጫማ ይበሳል፤ ወፍራም ሶል አድርጉ። ዕቃ ከሚያወጣ ክሬን ሥር አትቁሙ። ፎቶ አንሺ ዓይኑ ስክሪን ላይ ስለሆነ ወደ ኋላ ይራመዳል፤ በሳይት ወደ ኋላ መራመድ ክልክል ነው። ለሊፍት የተተወ ቀዳዳ ሁሌ ክፍት ነው ብላችሁ አስቡ።

ብርሃን ለካ | እሑድ፣ 3:55

የመሃንዲሷን መስታወት ሶሌታ ለማየት አሁኑኑ መሄድ አማረኝ።

እኔ ስለ ብርሃን ልጨምር። ከተማችን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ታልፋለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ መጨረሻ። ነሐሴ ደመና ይጋርደዋል። ሚያዝያ ግን ሞክሩት። 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ላይ የቆመ ፌሮ ጥላ የለውም። ኮለን ሁሉ መሬቱ ላይ የተለጠፈ ይመስላል። ለሰው ፎቶ መጥፎ ሰዓት ነው፤ በሄልሜት ሥር ፊት ይጠቁራል። ለፌሮ ግን ግሩም ነው።

በተረፈ የኛ ንጋትና ምሽት ፈጣን ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ሰማያዊ ብርሃን 20 ደቂቃ ገደማ ነው። የዘበኛው ቆርቆሮ ቤት ላይ አምፖል ሲበራ፣ ሰማዩ ገና ሳይጠቁር፣ ያቺን ሰዓት አታምልጧችሁ። ብየዳ ካለ ደግሞ ፍንጣሪውን አንሱ፤ ግን በዓይናችሁ አትዩት፣ ስክሪኑን እዩ።

ይሄ ነገር የኛ ብቻ እብደት አይደለም። ሉዊስ ሃይን የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ልጆች በፋብሪካ ሲጉላሉ ዓመታት ሲያነሳ ከረመ። ከ50 ዓመቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1930 እና 1931፣ የኒውዮርኩን ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ የገነቡትን ሠራተኞች ብረቱ ላይ ወጥቶ አነሳቸው። ዛሬ ሕንፃውን ሲያስቡ እነዚያን ሰዎች ጭምር የሚያስቡት በሱ ምክንያት ነው። ጀርመኖቹ ባልና ሚስት ቤርንድና ሂላ ቤኸር ደግሞ የውሃ ጋንና የማዕድን ማማ ሰማዩ ግራጫ በሆነ ቀን ብቻ፣ ፊት ለፊት፣ ሁሉንም በአንድ ዓይነት አቋም ሲያነሱ ኖሩ። ጥላ እንዳይኖር ብለው ነው። ስለዚህ ሐምሌ ሲመጣ «ብርሃን የለም» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። የክረምት ደመና ለእርጥብ አርማታ የተፈጠረ ነው።

ሰሚት 72 | እሑድ፣ 4:10

6 ሰዓት ከ25! ሚያዝያን ስልኬ ላይ ምልክት አድርጌበታለሁ።

ባሬላ | እሑድ፣ 7:20

እኔ ጀሞ ላይ ሁለት ዓመት ባሬላ ተሸክሜአለሁ። የቀን ሠራተኛ ነበርኩ። አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ፤ ስሜን አልጽፍም።

አንድ ነገር እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። ካሜራ ሲመጣ ሻሻችንን ፊታችን ላይ የምንስበው ለአቧራ ብቻ አልነበረም። አገር ቤት ያለችው እናቴ ሱቅ የምሸጥ ነበር የሚመስላት። ሌላዋ ጓደኛዬ ኮሌጅ እየተማረች መሆኑን ነበር የነገረቻቸው፤ ደግሞም ማታ ማታ ትማር ነበር። አንድ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ቢወጣ ሁሉ ነገር ይበላሻል። ሥራው አሳፋሪ ሆኖ አይደለም። የምንናገርበትን ቀን ራሳችን እንድንመርጥ ነው።

አንድ ቀን አንድ ልጅ መጣና «እጅሽን ብቻ ላንሳ?» አለኝ። እሺ አልኩት። ባሬላውን ይዤ ቆምኩ። አሳየኝ። ሲሚንቶ የበላው ጣቴ፣ የተሰነጠቀው መዳፌ፣ እንጨቱን ጥርቅም አድርጎ የያዘው። የኔ እጅ መሆኑን ማመን አቃተኝ። ጠንካራ ነበር። ያን ፎቶ ዛሬ ባገኘው ገዝቼ ግድግዳዬ ላይ እሰቅለው ነበር።

ስለዚህ ጠይቁ። እምቢ ካሉም አመስግናችሁ ሂዱ። እሺ ካሉ ደግሞ ለራሳችሁ ብቻ ይዛችሁ አትጥፉ።

ገላን ጉራ | እሑድ፣ 7:48

እህቴ፣ ኑሪልን።

የኮዬ ልጅ | እሑድ፣ ማታ 1:30

ሁላችሁንም አነበብኳችሁ። እኔ ደግሞ ከሌላው ወገን ነኝ።

አባቴ ገበሬ ነበር። አሁን ፎቆቹ ያሉበት ቦታ ላይ ጤፍና ሽምብራ እናመርት ነበር። መሬቱ መረሬ ነው፤ ጥቁር። በጋ ሲሆን እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲሆን ያብጥና ይጣበቃል። መሃንዲሶች እንደማይወዱት አውቃለሁ። ቆፍረው አውጥተው ገረጋንቲ ይሞሉበታል። እኛን ያበላን ያ ተቆፍሮ የተጣለው ነው።

እናንተ ካሳ ስትሉ ጣውላውን ነው። እኛ ቤት ካሳ ሌላ ነው። አባቴ የተከፈለው ብር ነው። ብሩ አለቀ። አባቴ ከዚያ በኋላ ጠዋት የሚሄድበት አጥቶ ደጅ ላይ ይቀመጥ ነበር። በሬዎቹን ከሸጠ በኋላ ጅራፉን ግን አልሸጠም፤ አሁንም በሩ ጀርባ ተሰቅሏል።

ግንባታ ቆንጆ አይደለም ልላችሁ አይደለም የመጣሁት። ወንድሜ እዚያው ሳይት ላይ ሠርቷል፤ ብሎኬት ሲደረድር ኮርቼበታለሁ። የምለምናችሁ ሌላ ነገር ነው። ፎቶ ስታነሱ ዳሩን አትቁረጡት። ሁላችሁም ወደ ሕንፃው ትጠጋላችሁ። ትንሽ ወደ ኋላ በሉ። አሁን ጥር ነው፤ አንዳንድ ቦታ ከመጨረሻው ብሎክ ቀጥሎ ገና ውድማ አለ። በሬ ጤፍ እያሄደ፣ ከጀርባው ክሬን ቆሞ ታገኛላችሁ። የሚመጣው ዓመት ያ ውድማ ላይኖር ይችላል። ፌሮው ሳይቀበር አንሱት ብላችኋል። መሬቱም እየተቀበረ ነው።

ስሞቹንም ጻፉ። ቱሉ ዲምቱ ማለት ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ፎቶው ሥር «ሳይት 3» ብላችሁ ብቻ አትተዉት።

መሃንዲሷ | እሑድ፣ ማታ 1:55

እህቴ፣ ያን አፈር የጫነውን መኪና ቆጥሬ የፈረምኩት እኔ ልሆን እችላለሁ። ቆሻሻ አፈር እያልን ነው የምንጠራው። ከዛሬ ጀምሮ እንደዚያ አልለውም።

የአባዶ ጎህ | እሑድ፣ ማታ 2:40

የኮዬ ልጅ፣ ያሉኝን ፎቶዎች አሁን ቁጭ ብዬ አየኋቸው። 400 ይሆናሉ። ዳሩ ያለባቸው ሰባት ናቸው። በአንዱ ላይ ከብሎኮቹ ጀርባ ነጭ ነገር ይታያል፤ ጭድ ነው። ሳነሳው አላየሁትም። ከፈቀድሽልኝ በሚቀጥለው ቅዳሜ አንቺ የምታውቂው ውድማ ጋ ልምጣ። ጠይቄ ነው የማነሳው። አባትሽም ፈቃዳቸው ከሆነ ጅራፉን።

የኮዬ ልጅ | እሑድ፣ ማታ 3:05

አባቴን ጠየቅኩት። «ይምጣ፣ ግን ጠዋት ይምጣ፤ ከሰዓት ነፋስ ነው» ብሏል።

የአባዶ ጎህ | ረቡዕ፣ ማታ 1:20

ጋሼ ፌራዮ ያዘዙኝን ፈጽሜ መጣሁ።

መገናኛ ፎቶ ቤት 10 ፎቶ አሳጠብኩ። ዛሬ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ 11 ሰዓት ላይ ሳይቱ ደረስኩ። ፎርማኑን አስጠየቅኩ። ልጁን ጠሩልኝ። ከወላይታ ነው የመጣው፤ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው። ሲወርድ የሆነ ጥፋት ያጠፋ መስሎት ነበር። ፎቶውን ሰጠሁት።

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና በሁለት እጁ ተቀበለኝ። መጀመሪያ ራሱን አላየም። ፎቶውን አዙሮ ወደ ብርሃን ያዘው፤ ከዚያ በጣቱ፣ ወረቀቱን ሳይነካ፣ አየር ላይ እየተከተለ ሄደ። ሌላ ልጅ መጥቶ በትከሻው ላይ አጎነበሰ።

«ከዚህ እስከዚህ የኔ ነው» አለ። ቀጥሎ አንድ ረድፍ ዘለለ። «ይቺ የሱ ናት። እሱ ጫፉን አያጥፍም።»

ጓደኛው ሳቀና «እሱስ እውነት ነው» አለ።

ጋሼ፣ ይለያል።

ሌሎቹን ፎቶዎች ተከፋፈሏቸው። አንዱ ለእናቱ እንደሚልከው ነገረኝ። ፎርማኑ ደግሞ የአራተኛው ፎቅ ሶሌታ ዓርብ ስለሚሞላ ነገ ንጋት ላይ መውጣት ትችላለህ ብሎኛል፤ ሄልሜት ካደረግኩ። ሁለት ሰው ይዘህ ና ብሏል።

ፌራዮ ነበርኩ | ረቡዕ፣ ማታ 1:45

አባዶ ለኔ ሩቅ አይደለም። ልጄን ይዣት እመጣለሁ። ስንት ሰዓት?

የአባዶ ጎህ | ረቡዕ፣ ማታ 1:47

12 ሰዓት ተኩል። ጤዛው ሳይደርቅ።